ያገለገለ ራውተር ገዝቶ እድሳቱን በቀና መንገድ ስለ ማግኘት



መጽሔታችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትወጣ ስለ ሆነች፣ በገጾቿ ላይ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ለአንባቢው አንድ ጥቅም ይዞ ሊቀርብ ይገባዋል። እኔም በዚህ ዓመት የኮምፒዩተር ክበባችን ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ያየሁትንና የተማርኩትን፣ ደግሞም የተሳሳትኩትን ሳልሸሽግ ለመጻፍ ተነሣሁ። ነገሩ ስለ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው፤ ይኸውም ራውተር ስለምትባለው መሣሪያ ነው። በአገራችን ኢንተርኔት ሥራ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ በከተማችን በደብረ ማርቆስ በመሥሪያ ቤቱም በሱቁም በመኖሪያ ቤቱም ይህች መሣሪያ ትገኛለች። አዲሷን ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው ያገለገለችውን ይገዛል። መግዛቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን እንጂ ጠጋኙን አብሮ እንዳልገዛ ማወቅ አለበት። ጽሑፌ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ራውተር ምንድር ነው?

ራውተር በአንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮችና ስልኮች እርስ በርሳቸው፣ እንደዚሁም ከውጭው ኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። በአንድ ሰፊ ግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ እናስብ። ዘበኛው ከውጭ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ለየባለቤቱ ያደርሳል፤ ከውስጥ የሚወጣውን መንገዱን ያሳየዋል፤ ያልተፈቀደለት እንግዳ ሲመጣ ይከለክላል። ዘበኛው ንቁና ታማኝ ከሆነ ግቢው ሰላም ያድራል። ዘበኛው ከተታለለ ግን፣ የያንዳንዱ ቤት ቁልፍ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ነዋሪው ሁሉ ይቸገራል።

የዚህ ዘበኛ ዕውቀት ያለው በፕላስቲኩ ሣጥን ወይም በአንቴናዎቹ ላይ አይደለም። በሆዱ ውስጥ ባለች ትንሽ ቺፕ ላይ የተጻፈ ፈርምዌር የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ መሣሪያው የሚሠራውን ሁሉ የሚሠራው በዚህ ትእዛዝ ነው። የሰው ሥራ ደግሞ ጉድለት አያጣውምና፣ ፈርምዌሩ ተጽፎ ካለቀና መሣሪያው ከተሸጠ በኋላ ቀዳዳ ይገኝበታል። ቀዳዳውን ያወቀ ክፉ ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ፣ የይለፍ ቃል ሳያውቅ እንኳ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ኩባንያ ቀዳዳውን የደፈነ አዲስ ፈርምዌር ጽፎ ያወጣል። እድሳት የምንለው ይህን ነው።

ራውተራችን ወደ እኛ እንዴት እንደ መጣች

በመስከረም ወር የቀድሞዋ ራውተራችን በመብረቅ ተቃጠለች። በደጋው አገራችን ክረምቱ ሲወጣም ሲገባም ነጐድጓድ እንደማይጠፋ አንባቢ ያውቃል። የወላጅ መምህር ኅብረት ያዋጣው ገንዘብ ለአዲስ የሚበቃ ስላልነበረ፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ አንዲት ያገለገለች ራውተር ተገዝታ መጣችልን። የሠሪዋንም ሆነ የሸጠልንን ሱቅ ስም አልጠራም፤ የምጽፈው ሰውን ለመውቀስ አይደለምና። መልኳ ያማረ፣ መብራቶቿ የሚበሩ፣ ኮምፒዩተሮቻችንን ሁሉ ያገናኘች ስለ ነበረች ሁላችንም ተደሰትን።

በኅዳር ወር ግን አንድ እንግዳ ነገር ታየ። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ የኢሜይሏን ገጽ ለመክፈት አድራሻውን በትክክል ጻፈች። የወጣው ገጽ የምታውቀውን ይመስላል። አሳሹ ገጹ እንደማያስተማምን በቀይ ጽሑፍ ቢያስጠነቅቃትም፣ የቸኮለች ስለ ነበረች አልፋው የይለፍ ቃሏን አስገባች። በማግስቱ ኢሜይሏ አልከፈት አላት። ለትምህርት ዕድል የጻፈቻቸው ደብዳቤዎችና የሰነዶቿ ቅጂዎች ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበሩ። ቀጥሎም በሌሎች ሁለት ተማሪዎች ላይ እንዲሁ ሆነ። የሀገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ የኮምፒዩተር ክፍላችን ለታላላቆቻችን መለማመጃ ሆኗል። እንግዲህ ጭንቀቱ ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

የኮምፒዩተር መምህራችን ኮምፒዩተሮቹን አንድ በአንድ መረመሯቸው፤ በሽታ አላገኙባቸውም። በመጨረሻ ወደ ራውተሯ ገጽ ገቡና «ኑ፣ እዩ!» ብለው ጠሩን። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር የድረ ገጽን ስም ሲሰጡት ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ይህን የሚሠራለት ዲ ኤን ኤስ የሚባል የስም መዝገብ ነው። ኮምፒዩተሩ መዝገቡ የት እንዳለ የሚጠይቀው ራውተሩን ነው። የኛ ራውተር የምታመለክተው ግን ማንም ወደማያውቀው መዝገብ ነበር። መንገድ የጠየቃትን ሁሉ ወደ ሽፍታ ቤት ትመራ ነበር ማለት ነው።

መምህራችን በጀርባዋ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በመርፌ ተጭነው ራውተሯን ከፋብሪካ እንደ ወጣች አደረጓት። የቀድሞው ባለቤት ያኖረው የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ሁሉ እዚያው ላይ ነበረ። እኔ ልጽፈው እርሳስ ሳነሣ «የሰው ቁልፍ መንገድ ላይ ብታገኝ ቤቱን ትከፍታለህ?» ብለው ከለከሉኝ፤ ሳናነበው ጠፋ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ በኋላ ያው የሐሰት መዝገብ ተመልሶ ተገኘ። ቀዳዳው አልተደፈነማ! በሩ የተሰበረ ቤት ሌባውን ቢያስወጡት ተመልሶ ይገባል።

የድጋፍ ውል የሚባለው ነገር

ስለዚህ እድሳቱን ለማግኘት ወደ ሠሪው ድረ ገጽ ሄድን። ሞዴሏን ስንጽፍ የእድሳቱ ስም ወጣ፤ ልናወርደው ስንል ግን የድጋፍ ውላችንን ቁጥር ጠየቀን።

የድጋፍ ውል ማለት የመሣሪያው ባለቤት በየዓመቱ ገንዘብ እየከፈለ ከኩባንያው እድሳትና ምክር የሚያገኝበት ስምምነት ነው። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ይህን ውል ይገባሉ። ፈርምዌር የሚጽፉት መሐንዲሶች ደመወዝ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ስለ ሆኑ ኩባንያው ዋጋ መጠየቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ዕቃው ሲያረጅና ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው። ፕላስቲኩና ብረቱ ገንዘብ ለከፈለው ሰው ይተላለፋል፤ ውሉ ግን ከቀድሞው ባለቤት ጋር ይቀራል። እንዲያውም በአንዳንድ ኩባንያዎች ደንብ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር ፈቃድ ራሱ ለሁለተኛው ገዢ በቀጥታ አይተላለፍም። በቅሎ የገዛ ሰው ኮርቻዋን እንደ ተከለከለ ያህል ነው።

የኔ ስሕተት

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። መምህራችን «ለኩባንያው እንጽፋለን፤ ታገሡ» ባሉበት ሳምንት፣ እኔ በቴሌግራም ላይ ስፈልግ ያንኑ እድሳት በትክክል ስሙ አገኘሁት። ያለ ውል፣ ያለ ገንዘብ፣ በአንድ ጊዜ አወረድኩት። ክበቡን ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ በፍላሽ ይዤ ገባሁ።

መምህራችን አልተቈጡም። ይልቁንም አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «በብራና ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ስታይ፣ ጸሐፊው በትክክል መገልበጡን በምን ታውቃለህ?» አሉኝ። ጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት አገር ስለ ሆነ መልሱን አያቴ ነግረውኝ አውቀዋለሁ። የጸሐፊ ሥራ በመገልበጥ ብቻ አያልቅም። አዲሱ መጽሐፍ ከእናቱ መጽሐፍ ጋር ይመሳከራል፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይከታተላል፤ የጐደለው ይሞላል፣ የተሳሳተው ይፋቃል። ያልተመሳከረ መጽሐፍ መልኩ ቢያምርም አይታመንም። ይህንኑ መለስኩላቸው።

«የኮምፒዩተር ፋይልም ማመሳከሪያ አለው» አሉና አሳዩን። ከማናቸውም ፋይል በሒሳብ ተሠርቶ የሚወጣ አጭር ምልክት አለ። ኤስ ኤች ኤ 256 በሚባለው ስሌት የሚወጣው 64 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ እነርሱም ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት የላቲን ፊደላት ናቸው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ምልክቱ እንዳለ ይለወጣል። ጠንቃቃ ሠሪ ከፋይሉ አጠገብ ይህን ምልክት ያትማል። የሠሪው ገጽ ፋይሉን ቢከለክለንም ምልክቱን ግን ለማንም ያሳይ ነበር። ያመጣሁትን ፋይል ብናሰላው የመጀመሪያዎቹ አራት ምልክቶች እንኳ አልገጠሙም። ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ሌላ ነበር። ምን እንደ ተጨመረበት ማወቅ አልቻልንም፤ ማወቅም አላስፈለገንም። ያን ፋይል ጭኜው ቢሆን ሌባውን ያስገባሁት እኔው ነበርኩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ያባቶች ተረት ለኔ የተነገረ መሰለኝ። መልቀም እንኳ ላይኖር ይችል ነበር።

ቀናዎቹ በሮች

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን በሥርዓት ማጥናት ያዝን። ያለ ድጋፍ ውል እድሳት የሚገኝባቸው ቀና በሮች ሦስት ሆነው አገኘናቸው።

የመጀመሪያው በር እንዲያው ክፍት ነው። እድሳታቸውን ለማንም በነፃ የሚሰጡ ሠሪዎች አሉ። ለምሳሌ በ1988 ዓ.ም. በላትቪያ አገር የተመሠረተው ማይክሮቲክ ለመሣሪያዎቹ የሚያወጣውን እድሳት ያለ ውል ከድረ ገጹ ማውረድ ይቻላል። በቻይና የተመሠረተው ቲፒ ሊንክም እንዲሁ ለየሞዴሉ ፋይሉን በገጹ ላይ ያኖራል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የሥሪቱን ቁጥር ማየት ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ራውተሮች፣ አንዱ ሥሪት 1፣ ሁለተኛው ሥሪት 2 ከሆኑ፣ ሆዳቸው ፍጹም ሊለያይ ይችላል፤ ያንዱን ለሌላው መጫን መግደል ነው። ቁጥሩ በመሣሪያው ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው በር የተዘጋ ቢመስልም ሲያንኳኩት የሚከፈት ነው። ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ሲስኮ ለብዙ መሣሪያዎቹ የድጋፍ ውል ይጠይቃል። ሆኖም አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝ በሚያወጣው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ውስጥ፣ ውል ስለሌላቸው ሰዎች የሚናገር አንድ አንቀጽ አለ። ከሌላ ሻጭ ገዝተው እድሳቱን ከሻጩ ማግኘት ያልቻሉ ሰዎች ለኩባንያው የቴክኒክ ድጋፍ ማእከል እንዲያመለክቱ ይጋብዛል። አመልካቹ የመሣሪያውን ተከታታይ ቁጥርና የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ አድራሻ ማቅረብ አለበት። የሚሰጠው ቀዳዳውን የሚደፍነው እንጂ አዲስ ችሎታ የሚጨምረው አይደለም፤ የሶፍትዌሩም ፈቃድ ሊኖር ይገባል። ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ ሳያነብ ወደ ስርቆት ይሄዳል። በሩ ሳይቆለፍ በአጥር የሚዘል ሰው ይመስላል።

እኛም በዚሁ አሳብ ለራውተራችን ሠሪ ደብዳቤ ጻፍን። እንግሊዝኛውን ያቀናልን የቋንቋ መምህራችን ናቸው። በደብዳቤው ሞዴሉን፣ የሥሪቱን ቁጥር፣ ተከታታዩን ቁጥር፣ አሁን ያለበትን ፈርምዌር፣ የምናውቀውን ቀዳዳና ትምህርት ቤት መሆናችንን ገለጽን፤ ያገለገለ መግዛታችንንም አልደበቅንም። በዘጠነኛው ቀን ትሕትና ያለው መልስ መጣ። ለዚህ ሞዴል የሚሰጠው ድጋፍ ከተዘጋ እንደ ቆየና ቀዳዳው የታወቀው ከዚያ በኋላ በመሆኑ እድሳት እንደማይወጣለት አስታወቁን። እኔ በቴሌግራም የያዝኩት ፋይል እውነተኛው ቢሆን እንኳ ባልረባን ነበር።

ሦስተኛው በር ይህን ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። ሠሪው የተወውን መሣሪያ ሌሎች ሰዎች ያነሡታል። ታሪኩ አጭርና የሚያስደስት ነው። በ1995 ዓ.ም. ሊንክሲስ የተባለ ኩባንያ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ የሚባል ራውተር አወጣ። በውስጡ ያለው ፈርምዌር ሊኑክስ ከሚባለው የነፃ ሶፍትዌር የተሠራ መሆኑን አንዳንድ አዋቂዎች ደረሱበት። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ እርሱን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ የጻፈውን ምንጭ ለሕዝብ እንዲገልጥ ያስገድዳል። ሊንክሲስን በዚያው ጊዜ የገዛው ሲስኮ ምንጩን አወጣ። በ1996 ዓ.ም. ከዚሁ ምንጭ ተነሥቶ ኦፐን ደብልዩ አር ቲ የሚባል ሥራ ተጀመረ፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ራውተር ነው። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች በኅብረት እየጻፉት፣ ሠሪዎቻቸው የተዉአቸውን ጨምሮ ለብዙ መቶ ሞዴሎች ፈርምዌር በነፃ ይወጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይህ ነው። እርግጥ መሣሪያ ሁሉ አይችለውም። ከ8 ሜጋባይት በታች ማከማቻና ከ64 ሜጋባይት በታች ማስታወሻ ያላቸው አሮጌዎች አዲሶቹን እትሞች መሸከም አይሆንላቸውም። የኛን ሞዴልና ሥሪት በዝርዝሩ ውስጥ ስናገኝ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ፋይሉ ዓባይን ተሻግሮ እንደ መጣ

አሁን ፋይሉን ማውረድ ቀረ። መምህራችን ግን «የታመመው ሰው መድኃኒቱን ራሱ አይቀምምም» አሉ። በተበከለችው ራውተር በኩል የሚመጣውን ማመን አይገባም ማለታቸው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። ፋይሉን በዚያ አውርዳ በፍላሽ አድርጋ፣ ለገና ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ዘመዳችን ሰጠችው። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደረሰን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜ ፋይል በፍላሽ መላክን ያየን ስለ ሆንን፣ መንገዱ እንግዳ አልሆነብንም።

ፍላሹ በደረሰ ማታ በስልክ አመሳከርን። እርሷ ከድረ ገጹ ላይ 64ቱን ምልክቶች አንድ በአንድ ታነባለች፤ እኔ ከኛው ስሌት ላይ በጣቴ እከተላለሁ። «ወንድምዓለም፣ ደረስክ?» ትለኛለች፤ «አዎ እታለም፣ ቀጥይ» እላታለሁ። እናቴ ከማጀት ሆና ሰምታ «ይህ ልጅ ምን ድጋም ጀመረ?» አለች። እስከ መጨረሻው ገጠመ። የብራና ጸሐፊዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ምን እንደሚሰማቸው በዚያች ሌሊት የተረዳሁ ይመስለኛል።

የመጫኑ ሥራ

ፈርምዌር ሲጫን የአሮጌው ጽሑፍ እየተፋቀ አዲሱ ይጻፋል። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ መሣሪያው አሮጌውንም አዲሱንም አጥቶ ድንጋይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መምህራችን አራት ነገር አስጠነቀቁን። ፊተኛ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ዩፒኤስ ተውሰን ራውተሯንም ኮምፒዩተሩንም በርሱ ላይ ሰካን። ሁለተኛ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ አገናኘን። ሦስተኛ፣ የኢንተርኔቱን መስመር ነቀልን። አራተኛ፣ ከሁለቱ ፋይሎች መካከል ትክክለኛውን መረጥን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሠሪው ፈርምዌር ወደ ነፃው ለሚሻገር መሣሪያ «ፋክተሪ» የሚል ስም ያለው ፋይል ነው የሚጫነው፤ «ሲስአፕግሬድ» የሚለው በኋላ ለሚደረገው እድሳት ነው።

ቁልፉን እኔ እንድጫን መምህራችን ፈቀዱልኝ። መብራቷ እየበረቀ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየን፤ ማንም አልተናገረም። መብራቱ ሲረጋ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ዋይፋይ ፈለገ። የለም! «ሞተች» ብዬ ላብ አጠመቀኝ። መምህራችን ግን ፈገግ ብለው በገመዱ በኩል 192.168.1.1 የሚለውን አድራሻ ጻፉ፤ አዲሱ ገጽ ወጣ። ለካስ ይህ ፈርምዌር ሲጫን ዋይፋዩ ሆን ተብሎ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ መጀመሪያ የይለፍ ቃል አውጥቶ ቤቱን ከቆለፈ በኋላ በሩን ራሱ ይከፍታል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ ከውጭ አገር ሆኖ የራውተሩን ገጽ መክፈት እንዳይቻልም አረጋገጥን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስም መዝገቡን በየሳምንቱ እየመረመርን በክበቡ ደብተር እንጽፋለን፤ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በሌላው ዓለም የሆነው

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በኛ ብቻ እንዳልሆነ ካነበብኩት ጥቂት ልጥቀስ። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ተንኮለኛ ሶፍትዌር፣ ቢያንስ በ54 አገሮች በሚገኙ 500,000 በሚያህሉ ራውተሮችና የመሰሉ መሣሪያዎች ውስጥ መግባቱ ተገለጠ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ ጠየቀ። ማጥፋትና ማብራት ግን የበሽታውን ከፊል ብቻ ነበር የሚያስወግደው፤ ፍጹሙ ፈውስ ራውተሩን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሶ ማደስ ነበር። ከዚያ በፊት በሚያዝያ ወር ማይክሮቲክ በመሣሪያዎቹ ላይ ለተገኘ ሌላ ቀዳዳ እድሳት በፍጥነት አውጥቶ ነበር። ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ ከ100,000 በላይ የሆኑ መሣሪያዎች ሳይታደሱ ተገኝተው ለሌባ ገንዘብ ሲያመርቱ ተደረሰባቸው። እድሳቱ በነፃ ነበር፤ የጐደለው የባለቤቱ ትጋት ነው። ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ ማለት ይህ ነው።

ሠሪዎችንም የሚያስገድድ ሕግ መውጣት ጀምሯል። በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ የቤት ዕቃ የሚያቀርብ ኩባንያ የደኅንነት እድሳት እስከ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ለገዢው መግለጥ አለበት። በየቤቱ ተመሳሳይ የሆነ ቀላል የይለፍ ቃል አድርጎ መሸጥም ተከልክሏል።

ለገዢዎች ምክር

በከተማችን ለብዙ ዘመን ሬዲዮ የጠገኑ አንድ አዛውንት ይህን ታሪክ ስነግራቸው «ልጄ፣ ዕቃ ስትገዛ መጀመሪያ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠይቅ፤ ዋጋውን ኋላ ትከራከራለህ» አሉኝ። እኔም ምክራቸውን ለራውተር እንዲሆን አድርጌ በአምስት ቃል አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት በመሣሪያው ሥር ያለውን ሞዴልና ሥሪት በስልክህ ፎቶ አንሣ፤ ሠሪው እድሳት በነፃ ይሰጥ እንደ ሆነ፣ ድጋፉም ያልተዘጋ መሆኑን፣ ወይም ኦፐን ደብልዩ አር ቲ ይቀበለው እንደ ሆነ እዚያው ሱቅ ቆመህ ተመልከት። ሁለተኛ፣ ቤት እንደ ገባ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሰው፤ የቀድሞውን ባለቤት ምስጢር አትመርምር። ሦስተኛ፣ እድሳቱን ከሠሪው ወይም ከታወቀው ምንጭ ብቻ ውሰድ፤ ከየትም ቢመጣ አመሳክር። አራተኛ፣ በሩ የተዘጋ ሲመስልህ ደብዳቤ ጻፍ፤ እውነቱን ተናገር። አምስተኛ፣ አንድ ጊዜ አድሰህ አትተኛ፤ እኛ በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ አዲስ እትም መውጣቱን ለማየት ቀን ቆርጠናል።

ከነዚህ አንዱም የማይሆንለት መሣሪያ ካለ፣ የኢንተርኔት በር ላይ ማቆሙን ተዉት። ርካሽነቱ ለጊዜው ነው፤ የሚያስከፍለው ግን የልጆቻችሁን ኢሜይልና ሰነድ ነው።

ያች የክፍል ጓደኛዬ ኢሜይሏን መልሳ አላገኘችውም። ደብዳቤዎቿን እንደ ገና መጻፍ ሆነባት፤ ነገር ግን ዛሬ የክበባችን አባል ሆና የማመሳከሩን ሥራ የምትመራው እርሷ ናት። እኔም በቴሌግራም ያመጣሁትን ፋይል ስም በክበቡ ደብተር ላይ በቀይ ቀለም ጽፌ ትቼዋለሁ፤ ከኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች እንዲያዩት።

በጽሑፌ የጐደለ ወይም የተሳሳተ ቢገኝ አንባብያን እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።